ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሳጥኑ ውስጥ አብሉት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ውሻ ለሚያሳድጉ ሰዎችና ለጥቂት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ወዳጆቼ "ጻፈውና እናንብበው" ስላሉኝ እንዳወራሁት ጻፍኩት። ጭብጨባውን ትቼዋለሁ። ትንሽ ስለነበር ብዙ አልጎደለም።

እንደምን ዋላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። እኔ አናጺ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የአየር መንገድ ሰውም አይደለሁም። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት ነው የምሠራው። እዚህ የቆምኩት 41 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከባሕር ዳር ጀርመን አገር ድረስ በሰላም ስላደረስን ነው። ክብደቱን በእርግጠኝነት የምናገረው ወፍጮ ቤት ወስጄ በእህል ሚዛን ስላስመዘንኩት ነው። ባለ ወፍጮው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል።

ውሻው መቻል ይባላል። ግማሹ ጀርመን ሸፐርድ ነው፣ ግማሹ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከቡችላነቱ ያሳደገችው ታናሽ እህቴ ናት። እሷ አግብታ ስትሄድ ለእኔ ተወችው። ሦስት ዓመት የእንጨት ሥራ ቤቴን ጠበቀልኝ። ከዚያ ኑሮዋ ሲደላደል "መጥቼ እወስደዋለሁ" አለች። ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ አንዱ ጎረቤቴ "ሰው ቪዛ አጥቶ እዚህ ይንከራተታል፣ ውሻ ፍራንክፈርት ይሄዳል" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ፈጀ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "መድኃኒት ሰጥታችሁ አስተኛችሁት?" ይላል። "ስንት ወር ፈጀ?" ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። አምስት ወር ፈጀ። ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለዚያ አምስት ወር ነው።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው፤ ደረቅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ከዚህ የሚነሳ ውሻ "ተከትቧል" ተብሎ ብቻ አውሮፓ አይገባም። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይገባለታል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። በመርፌ ከቆዳው ሥር ትቀመጣለች። 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አላት። ከዚያ በኋላ ነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚከተበው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ፣ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። መቻል በየዓመቱ ይከተብ ነበር። ካርዱንም በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ያ ሁሉ ዜሮ ሆነና እንደ አዲስ ጀመርን።

ክትባቱ በተሰጠ ቢያንስ በ30 ቀኑ ደም ይወሰዳል። ደሙ የአውሮፓ ኅብረት ወደሚቀበለው ላብራቶሪ ይላካል። የመከላከል አቅሙ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መድረስ አለበት። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ወዲያው አይኬድም። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ምክንያት አለው። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊደበቅ ይችላል። ሦስት ወሩ የተደበቀው ካለ እንዲወጣ ነው። 30 ቀኑን ስትደምሩበት አራት ወር ይመጣል። አቋራጭ የለውም። ዘመድም አይሠራ፣ እጅ መንሻም አይሠራ። የሚቆጠረው ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የከተብንበት ክሊኒክ የቺፑን ቁጥር ካርዱ ላይ ሲገለብጥ አንዱን 3 ቁጥር 8 አድርጎታል። እኔ አላየሁም። ደሙ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው እህቴ ፎቶውን አይታ ነው የነቃችው። በዚያው ቢላክ ኖሮ ሦስት ወር የጠበቅነው ለሌላ ውሻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቺፑን በማንበቢያው አስነብቡ። አንድ ሰው ከማንበቢያው ላይ ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ሌላው ከወረቀቱ ላይ ይከተል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንዲሁ አድርጉ። ሥነ ሥርዓቱ የሚያስቅ ነው፤ ግን አድርጉት።

አሜሪካ ለምትልኩ ደንቡ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ስጋታቸው ከፍተኛ ነው ተብለው ከተዘረዘሩት አገሮች ውስጥ ስላለች ከዚህ ለሚነሳው ተጨማሪ ወረቀት አለበት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ይቀያየራል። የጓደኛን ወሬ ይዛችሁ አትነሱ፤ የዚያን አገር መሥሪያ ቤት ገጽ በራሳችሁ ዓይን እዩ።

እንግዲህ አራት ወር ሲባል እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔም ተናድጄ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ሳስበው ግን ያ አራት ወር ባይኖር መቻልን ገድለነው ነበር። ወረቀቱ የጠየቀን ጊዜና ውሻው የጠየቀን ጊዜ እኩል ነበሩ። ወረቀቱ ባያስቆመን ኖሮ በሁለት ሳምንት ሳጥን ውስጥ ከትተን እንልከው ነበር።

ወደ ሳጥኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ሙያዬ ነው።

"የውሻ ሳጥን ያስፈልጋል" ሲባል ደረቴን ነፋሁ። አናጺ ነኝ! ደህና ጣውላ መረጥኩ። ማዕዘኑን ሁሉ በጥርስ አገጣጠምኩ። ቫርኒሽ ቀባሁት። ልጁ ተመችቶት ይሂድ ብዬ ሰፋ አደረግኩት። ርዝመቱ 130፣ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 105 ሳንቲ ሜትር። የገባ ሁሉ "ይሄ ለማን ነው? ለሙሽራ ነው?" ይል ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ ላለ የጭነት ወኪል ደወልኩ። ልኩን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ጋሼ፣ ይሄ ለውሻ ነው ለፈረስ?" አለኝ።

ያኔ ነው መማር የጀመርኩት። ልኩ በስሜት አይወሰድም። አያታ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ስለ ሕያው እንስሳት ያወጣው ደንብ አለ። አየር መንገዶች የሚከተሉት እሱን ነው። ውሻው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ አራት ልክ ትወስዳላችሁ። አንዱ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ነው። ሌላው ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን። ሌላው የትከሻው ወርድ። የመጨረሻው ከመሬት እስከ አናቱ፤ ጆሮው የሚቆም ከሆነ ደግሞ እስከ ጆሮው ጫፍ። የሳጥኑ ርዝመት የመጀመሪያው ልክ ላይ የክርኑ ግማሽ ተጨምሮበት ነው። ወርዱ የትከሻው እጥፍ ነው። ቁመቱ የጆሮው ልክና ከሥር የሚነጠፈው ውፍረት ነው።

መቻል ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር 96፣ ክርኑ 34፣ ትከሻው 30፣ ጆሮው 80 ሆነ። አስሉት። ርዝመት 96 እና 17፣ 113። ወርድ 60። ቁመት 80 ላይ ለምንጣፉ 3፣ 83። እንግዲህ የእኔን የሙሽራ አልጋ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

"ቢሰፋ ምን አለበት?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሦስት ነገር አለበት።

አንደኛው ውሻው ራሱ ነው። አውሮፕላኑ ሲናጥ በሰፊ ሳጥን ውስጥ ያለ ውሻ ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል። መቆም፣ መዞር፣ መተኛት ከቻለ በቂው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ስፋት ለእኛ ሕሊና እንጂ ለእሱ ጎን አይጠቅምም።

ሁለተኛው በሩ ነው። የአውሮፕላኑን ማለቴ ነው። የቦይንግ 737 የጭነት ክፍል በር ቁመት 90 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። 105 የሆነ ሳጥን በዚያ አይገባም። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ይገባ ይሆናል። ግን መሐል ላይ አውሮፕላን የሚቀየርባችሁ ከሆነ፣ ወይም በመጨረሻ ሰዓት ትልቁ ቀርቶ ትንሹ ከመጣ፣ ውሻው ሜዳ ላይ ይቀራል። ትኬት ስትቆርጡ ሰዓቱን ብቻ አትጠይቁ፤ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቁ።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ስንት ፈጀ ለምትሉኝ መልሱ እዚህ አለ። የአየር ጭነት የሚከፈለው በክብደት ብቻ አይደለም፣ በያዘው ቦታም ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ይባዛና በተለመደው አሠራር ለ6,000 ይካፈላል። የሚመጣው ቁጥር ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ በእሱ ነው የሚከፈለው። የእኔ የእጅ ሥራ ሲሰላ 204 ኪሎ አለፈ። በውስጡ ያለው 41 ኪሎ ውሻ ነው! ለአየር ልከፍል ነበር ማለት ነው። ክብደቱ ትንሽ የሆነ ውሻ እንደ ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ብዙ አየር መንገዶች ጋ ግን ውሻውና ሳጥኑ ተደምረው 32 ኪሎ ካለፉ ወደ ካርጎ ነው የሚመሩት። ትልቅ ውሻ ያለን ሰዎች ከዚህ አናመልጥም።

በላዩ ላይ ደግሞ እንጨቱ። ለዕቃ ማሸጊያ ወደ ውጭ የሚላክ ደረቅ ጣውላ በሙቀት ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ ታክሞ የዚያ ምልክት ሊታተምበት ይገባል። ነቀዝና ተባይ እንዳይሻገር ነው። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ነፃ ነው፤ ሲሠራ ሙቀትና ሙጫ ስላለፈበት። የእኔ ግን ንጹሕ ጣውላ፣ ማኅተም የሌለው። ሃያ ዓመት በእንጨት ስኖር ይህን አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ምን አደረግኩ? አናጺው ሳጥን ገዛ። አዎ፣ ሳቁ። አገሩን ለቆ ከሚሄድ ሰው ላይ ያገለገለ የፕላስቲክ ሳጥን አዲስ አበባ አገኘን። ክሬት ይሉታል። ትልቁ ቁጥር ነው፤ 122 በ81 በ89። ከሚያስፈልገን ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ግን በትልልቆቹ አውሮፕላኖች በር ይገባል፣ ስሌቱም ወደ 147 ኪሎ ወረደ። የእኔን አሁን ዶሮዎች ይኖሩበታል። ቫርኒሽ የተቀባ ቤት ያላቸው ዶሮዎች ባሕር ዳር ውስጥ የእኔ ብቻ ይመስሉኛል።

የፕላስቲክ ሳጥን ሲገዛ ግማሹና ግማሹ የሚያያዝባቸው የፕላስቲክ መቆለፊያዎች አሉት። እነሱን አትመኑ። አውጥታችሁ በብረት ብሎንና ዳዶ ተኩ፣ ሮንዴላ ከሥር አድርጉ። በሩ ብረት ይሁን። አየር በአራቱም ጎን መግባት አለበት። ጎማ ካለው ንቀሉት። የውሃና የምግብ ሳህን በሩ ላይ ከውስጥ ይታሰራል፤ ሰው በሩን ሳይከፍት ከውጭ መሙላት መቻል አለበት። "ሕያው እንስሳ" የሚለውና ላይና ታቹን የሚያሳየው ቀስት ከውጭ ይለጠፋል። ከሥር የሚነጠፈው ውሃ የሚመጥ ይሁን። ገለባና ድርቆሽ ብዙ አገሮች አይቀበሉም። እኛ ያነጠፍነው የተቀዳደደ ጋዜጣ፣ በላዩ የእኔን አሮጌ ጋቢ ነው። ጋቢው አልታጠበም። ሆን ብለን ነው።

እንግዲህ ሳጥኑ መጣ። መቻል አየውና ጮኸበት።

እውነቱን እንነጋገር። የእኛ አገር ውሻ እንዴት ነው የሚኖረው? ቀን ሰንሰለት ላይ፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ ልቅ ነው። ሥራው መጮህ ነው። ቤት ገብቶ አያውቅም። በር ተዘግቶበት አያውቅም። እንግዳ ሰው ሲነካው መናከስ ነው ያስተማርነው። አሁን ደግሞ ጨለማ ውስጥ ተዘግተህ፣ እንግዳ ሰው ተሸክሞህ፣ ጸጥ በል ልንለው ነው። ያሳደግነውን ሁሉ ገልብጠን ነው የምንጠይቀው። ፈረንጅ አገር ቡችላው ከሕፃንነቱ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። እነሱ በሁለት ሳምንት የሚጨርሱት እኛን ወራት ይፈጅብናል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? እኔ ተረቱን ቃል በቃል ወሰድኩት። ሳጥኑ ውስጥ አበላሁት።

የፕላስቲኩ ጥሩነት ለሁለት መከፈሉ ነው። የላይኛውን ግማሽ አንስቼ የታችኛውን ብቻ ሥራ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩ። ትልቅ ትሪ መሰለ። ምግቡን እዚያ ውስጥ አደረግኩ። ሌላ ቦታ ምግብ የለም። የመጀመሪያ ቀን አንገቱን አስረዝሞ፣ የኋላ እግሩን ውጭ ትቶ በላ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። አልገፋሁትም። በአምስተኛው ቀን ከሥጋ ቤት ደህና አጥንት አመጣሁና መጨረሻው ጥግ ላይ አኖርኩት። ገባ። አጥንቱን ይዞ ሊወጣ ሲል ሐሳቡን ቀየረና እዚያው ተኛ።

ከዚያ ጣራውን ገጠምኩ፣ በር ሳይኖረው። ሳምንት። ከዚያ በሩን ገጠምኩ፣ ሳልዘጋው። ቀጥሎ ሲበላ ብቻ መዝጋት ጀመርኩ፤ በልቶ ሳይጨርስ እከፍትለታለሁ። ከዚያ በልቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። አሥር። እኔ አጠገቡ መላጊያ እየላግኩ ግማሽ ሰዓት። ሲያላዝን አልከፍትም፤ ዝም ባለባት ቅጽበት እከፍታለሁ። ሲጮህ ከከፈትኩለት መጮህ ቁልፍ ነው ብሎ ይይዛል። ውሻ ብልጥ ነው፣ ቁልፍ አይረሳም።

ጥፋቴንም ልናገር። እንግዶች መጡብኝ፣ መቻል ደግሞ እንግዳ አይወድም። "ግማሽ ሰዓት ከቻለ ሌሊቱንም ይችላል" ብዬ ማታ ዘግቼበት ተኛሁ። ጠዋት ስመጣ ጋቢው ተቀዳዷል፣ የበሩ ብረት ለሃጭና ደም ነው፣ አንዱ ጥፍሩ ተሰብሯል። ማላዘንና መሸበር ይለያያሉ። የሚያላዝን ውሻ እየለመነ ነው፤ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ በሩን የሚነክስ፣ ሳያቋርጥ የሚያለከልክ ውሻ ግን ጨንቆታል። እንዲህ ካያችሁ ውሻው አላጠፋም፣ እናንተ ቸኩላችኋል። ወደ ትሪው ተመለስን። ሁለት ሳምንት ተኩል ከሰረ። ያን ያህል ለመክሰር ጊዜ የነበረን አራቱ ወር ስላለ ነው።

መተኛት ከለመደ በኋላ የቀረው መናወጥና ጩኸት ነው። ጩኸቱ አልከበደም፤ የመጋዝ ማሽን አጠገብ ያደገ ውሻ ነው። ለሌሎቻችሁ ግን ባጃጅ አለላችሁ። ሳጥኑን አጠገቡ አስቀምጡና ሞተሩ ይነሳ፤ መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ቀስ በቀስ ቀረብ እያለ። መናወጡን እንዲህ ነው ያስለመድነው። እኔና ረዳቴ ሳጥኑን ከነውሻው እናነሳለን፣ እናወርዳለን። ከዚያ የእጅ ጋሪ ላይ ጭነን ኮብልስቶኑን መዞር ጀመርን። የሰፈራችን ኮብልስቶን ከየትኛውም ሰማይ የባሰ ይንጣል። ልጆች ይከተሉናል። አንዷ እናት "ታሞ ነው?" ብለው አጥንት ሰጡት። በሳምንቱ መጨረሻ መቻል ጋሪውን ሲያይ ጭራውን መቁላት ጀመረ።

ሌላም ልምምድ ነበር፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሳጥኑ ለፍተሻ ሲያልፍ ውሻውን አውጡ ይሏችኋል። ውሻ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲስብ የአንገት ማሰሪያው በጆሮው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ አንገቱ ላይ አንድ፣ ደረቱ ላይ አንድ ማሰሪያ፣ ሁለት ገመድ ይዛችሁ ውጡ። ከሳጥን መውጣትና ተመልሶ መግባትን በትእዛዝ አስተምሩት። እኛ "ቤት!" ነበር የምንለው። ሳጥኑ ውስጥ ሲሆን ግን ሰንሰለትም፣ የአፍ ማሰሪያም አይኑርበት። አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ አይችልም፣ ማለክለክ ካልቻለ ሙቀቱን አይቀንስም።

የማስተኛው መድኃኒት ነገር እዚህ ይገባል። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ በማለክለክ ነው። የሚያስተኛ መድኃኒት የደም ግፊቱን ያወርዳል፣ ትንፋሹን ያዘገያል፣ ሚዛኑን ያሳጣዋል። ሳጥኑ ሲናጥ እግሩን ተክሎ መቆም አይችልም። ሰማይ ላይ ደግሞ ሄዶ የሚያየው ሐኪም የለም። ለዚህ ነው የአያታ ደንብም የእንስሳት ሐኪሞችም የማይመክሩት፤ ብዙ አየር መንገዶች ደንዝዞ የመጣ ውሻ አይቀበሉም። "ትንሽ ብቻ" የሚሏችሁን አትስሙ። ተለማምዶ የሄደ ውሻ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ስለ ጉዞው አጠር አድርጌ ልናገር። መንገዱ በረጋበት ሰሞን በመኪና ነው የወረድነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። የፈራሁት አውሮፕላኑን ሳይሆን የዓባይ በረሃን ነበር። በቀትር ብንደርስበት በቆመ መኪና ውስጥ ውሻው ይቀቀላል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አደርንና በማለዳ ተነስተን ፀሐይ ሳይከር ጎሐ ጽዮን ወጣን። አዲስ አበባ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ሰርተፊኬቱን ፈረመ። ከተሰጠበት ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ኅብረቱ መግቢያ ላይ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ቀድማችሁ አታውጡት። እህቴም ያን ሰሞን ለዕረፍት መጥታ ነበርና አብራው በረረች። ባለቤቱ ከውሻው ጋር ወይም ከአምስት ቀን ባልበለጠ ልዩነት ካልተጓዘ ነገሩ እንደ ንግድ ተቆጥሮ ሌላ ደንብ ይመጣል።

በበረራው ቀን ረጅም የእግር ጉዞ አስኬድነው። ከመጫኑ አምስት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ቀለል ያለ ምግብ በላ። ውሃ እስከ መጨረሻው አልከለከልነውም። የውሃ ሳህኑን ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ በረዶ አድርገነው ነበር። በረዶ ሲጫን አይፈስም፣ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ ይልሰዋል። የበሩን አራት ማዕዘን ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚያስሩባት የፕላስቲክ ማሰሪያ አጠበቅን። የመቻልን ፎቶ ሳጥኑ ላይ ለጠፍን፤ ስሙን በአማርኛም በላቲንም ጻፍን። ከዚያ እህቴ ልትሰናበተው ስትል ከለከልኳት። እሷ ስታለቅስ እሱ ይሸበራል። ተቀይማኝ ነው የሄደችው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። ጥቂቱን እጽፈዋለሁ።

አንድ ተማሪ "ጭነት ክፍሉ ውስጥ አየር አለ?" አለኝ። አለ። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል ግፊቱ እንደ መንገደኛው ክፍል የተጠበቀ ነው፤ ሙቀቱም ይስተካከላል። እንስሳ መጫኑን አብራሪው በወረቀት ይነገረዋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው የሚሳሳው። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ያልፋል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 አካባቢ ናት። በከፍታ በኩል የእኛ ውሾች ከባሕር ወለል ከሚነሱት ይሻላሉ። በዚህ አንድ ነገር እንኩራ።

አንዲት እህት አፍንጫው ድፍጥ ያለ ቡልዶግ አላት። ወደ ውጭ ልትሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት ውሾች እንኳን በሳጥን፣ በጥላ ሥር ቆመውም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ብዙ አየር መንገዶች አይጭኗቸውም፤ የሚጭኑትም ሳጥኑ ላይ 10 በመቶ ጨምሩ ይላሉ። እኔን ከጠየቅሽኝ አትላኪው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪም ጠይቂ አልኩ። ግን ቃሌን አልቀየርኩም።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። "አሁን ውሻው የት ነው የሚተኛው?" አሉኝ።

"ሳጥኑ ውስጥ ነው አባባ" አልኳቸው። እህቴ አልጋ ገዝታለት ነበር፤ ዞር ብሎ አላየውም። በሩን ነቅለውለታል። ባለፈው ግን እህቴ ሸተተኝ ብላ ጋቢውን አጠበችው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ አልገባም አለ። ትናንት ደውላ "ሌላ ጋቢ ላክ" ብላኛለች። አንዱን መርጬ ለብሼው እያደርኩ ነው።